ከፍለን ገዛን ወይስ ከፍለን ተዋስን?

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከመካከላችን አንዱ በወላጆቹ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ካርቶን ሲያወርድ አንድ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 እና ሦስት የጌም ዲስኮች አገኘ። ከዲስኮቹ አንዱ ጀርባው ተጫጭሯል፤ ማኅደሩም የለም። በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጠርጎ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባው ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ተነሣ። ከታናሽ እህቱ ጋር እስከ እራት ሰዓት ኳስ ሲጫወቱ አመሹ። ማሽኑ ማንነታቸውን አልጠየቀም፤ የይለፍ ቃልም ሆነ ኢንተርኔት አልፈለገም። ዲስኩን ያሳተመው ኩባንያ ዛሬ ይኑር ይክሰም ለዚያ ምሽት ጨዋታ ለውጥ አልነበረውም።

ይህን ተራ ገጠመኝ ማንሣታችን ተራነቱ እየቀረ በመሄዱ ነው። አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ክንውኖች ዘመናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዘ ክሩ የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም በዲሴምበር 2014 በፈረንሳዩ ዩቢሶፍት ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ተጫዋቹ የአሜሪካን ምድር በአነስተኛ መጠን በሚወክል ካርታ ላይ ከጠረፍ እስከ ጠረፍ ይነዳል። ብቻውን ለመንዳት የሚሻ ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር የመገናኘት ግዴታ ነበረበት። ጌሙ በዲሴምበር 2023 ከሽያጭ ወጣ፤ ማርች 31 ቀን 2024 ደግሞ ሰርቨሮቹ ተዘጉ። ዲስኩን ገዝቶ በመደርደሪያው ላይ ያኖረ ሰው በማግስቱ ቢያስገባው ዲስኩ አልተጫረም፤ ማሽኑም አልተበላሸም፤ ጨዋታው ግን አይነሣም። ጥቂት ቆይቶ ጌሙን የመጠቀም ፈቃድ ከገዢዎች አካውንት ላይ ተነሣ። በዚሁ ዓመት በካሊፎርኒያ ክስ ሲመሠረትበት ኩባንያው የተከራከረው፣ ገዢዎቹ ያገኙት ውስን የአጠቃቀም ፈቃድ እንጂ ዘለቄታ ያለው ባለቤትነት አይደለም በማለት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልን። ዘ ክሩ በዲስክ ጭምር የተሸጠ ጌም ነው። ስለሆነም ክርክሩን በፕላስቲክና በኢንተርኔት መካከል የሚደረግ ግጥሚያ አድርገው የሚያቀርቡት ወገኖች ዋናውን ነገር ስተውታል የሚል እምነት አለን። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የገዛነው ነገር ሻጩ ዝም ቢል ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ለዚህ መልስ ለመስጠት የሁለቱን አሠራር መመልከት ይጠቅማል። በሲዲ፣ በዲቪዲና በብሉ-ሬይ ላይ መረጃ የሚሰፍረው በጠመዝማዛ መስመር በተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ጉድጓዶች አማካይነት ነው። የሌዘር ጨረር ሲያርፍ ከጉድጓዱና ከጠፍጣፋው ቦታ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን መጠኑ ይለያያል፤ ማሽኑ ይህን ልዩነት ወደ 0 እና 1 ቅደም ተከተል ይተረጉመዋል። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ጉድጓዶቹን ማሳነስና ማቀራረብ ይቻላል። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር ርዝመት ባለው ጨረር ሲሆን የሚይዘውም ወደ 700 ሜጋባይት ነው። ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር እየተነበበ በአንድ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት፣ ብሉ-ሬይ ደግሞ በ405 ናኖሜትር በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት ይይዛል። የፕሌይስቴሽን 5 ዲስኮች ንጣፎቻቸው ተደራርበው እስከ 100 ጊጋባይት ይደርሳሉ። እርግጥ የቀድሞዎቹ ማሽኖችም ዲስኩ በሕጋዊ መንገድ የታተመ መሆኑን ያጣሩ ነበር። ይሁን እንጂ ማጣራቱ የሚጀመረውም የሚያልቀውም በዚያው ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። ከቤት ውጭ የሚጠየቅ የለም።

ከኢንተርኔት መደብር የሚወርድ ጌም ከዚህ ይለያል። ፋይሎቹ በእኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሰፍሩም ብዙውን ጊዜ የተመሰጠሩ ናቸው። ማሽኑ ወደ ሻጩ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ይህ አካውንት ይህን ጌም እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል? ሰርቨሩ ፈቃዱን በምሥጢር ቁልፉ ፈርሞ ይመልሳል፤ ማሽኑም በውስጡ በተቀመጠለት ይፋዊ ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። የሁለቱ ቁልፎች ዝምድና በሒሳብ የተገነባ በመሆኑ ይፋዊውን ቁልፍ የያዘ ሰው ከእርሱ ተነሥቶ ምሥጢራዊውን ማስላት በተግባር አይሆንለትም። ይህ በባንክና በኢሜይል አገልግሎቶች ዘወትር የምንታመንበት ሒሳብ ነው፤ በራሱ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ፈቃዱን የሚፈርመው ሰርቨር ለዘለቄታው ዝም ካለ፣ ፈቃዱ መታደስ ባለበት ወይም ማሽኑ በተቀየረ ጊዜ፣ በሃርድ ዲስካችን ላይ ያለው መቶ ጊጋባይት ቁልፉ የጠፋበት ሣጥን ይሆናል። ሣጥኑ የእኛ ነው፤ ክብደቱም የእኛ ነው፤ መክፈት ግን አንችልም።

ፈቃዱ በምን ያህል ጊዜ ይታደስ የሚለው የአምራቹ ምርጫ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ በኢንተርኔት እንዲያሳውቅ፣ ካላሳወቀ ግን ጌም እንዳያጫውት አቅዶ ነበር። ተቃውሞ በረታበትና ማሽኑ ገና ለገበያ ሳይወጣ በጁን ወር ዕቅዱን ሰረዘ። በሣምንታት ውስጥ የተሻረ ነገር የተፈጥሮ ሕግ ሊሆን አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ግን ዲስኩ ቀስ በቀስ ከገበያ እየተገፋ ነው። በ2020 የወጣው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ማስገቢያው አብሮት አይመጣም፤ የፈለገ ለብቻው ይገዛል። በጁን 2025 ከኒንቴንዶ ስዊች 2 ጋር የመጣው «የጌም ቁልፍ ካርድ» ደግሞ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ አስገራሚ ነው። ገዢው በሣጥን የታሸገ ካርድ ከሱቅ ይወስዳል፤ በካርዱ ላይ ግን ጌሙ የለም። ካርዱ ጌሙን ከኢንተርኔት ለማውረድና ካወረዱ በኋላ ለማስነሣት የሚያገለግል ቁልፍ ብቻ ነው። ቢያንስ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ወይም ሊሰጥ ይችላል፤ የማውረጃው ሰርቨር የቆመ ዕለት ግን አዲሱ ባለቤት የሚረከበው የፕላስቲክ ቁራጭ ነው።

ለተቃራኒው ወገን ፍትሕ እንስጥ። ዲስክ ዘላለማዊ አይደለም። የአልሙኒየም ንጣፉ አየር ካገኘው ኦክሳይድ ይሆናል፤ መረጃውም አብሮት ይጠፋል። በአሮጌዎቹ የኒንቴንዶ ካርትሪጆች ውስጥ የተጫዋቹን ውጤት ይዛ የምታቆየው የሰዓት ባትሪ የምትመስል ትንሽ ባትሪ ስታልቅ የዓመታት ድካም በአንድ ሌሊት ይሰረዛል። በኢንተርኔት መሸጥ ደግሞ የማተሚያና የማጓጓዣ ወጪ የማይችሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች የሠሩትን ጌም ለዓለም እንዲያደርሱ አስችሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህም በላይ በኢንተርኔት መሸጥ ገዢውን ጥገኛ ሳያደርግ ሊከናወን እንደሚችል ጎግ የተባለው የፖላንድ መደብር ከ2008 ጀምሮ እያሳየ ነው። ከእርሱ የተገዛ ጌም መጫኛው ፋይል ወርዶ በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሻጩን ማስፈቀድ አያሻም።

«መግዛት» የሚለው ቃል በሕግ ፊት ያለው ታሪክም አስተማሪ ነው። በአሜሪካ አንድ አሳታሚ በመጽሐፉ ውስጥ ከ1 ዶላር በታች እንዳይሸጥ የሚል ማስጠንቀቂያ ያትማል። ሜሲስ የተባለው ትልቅ መደብር ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ቸረቸረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 በሰጠው ውሳኔ የቅጂ መብት ባለቤቱ አንድን ቅጂ አንዴ ከሸጠ በኋላ የዚያን ቅጂ ቀጣይ ዋጋ የመወሰን ሥልጣን እንደሌለው አረጋገጠ። ያገለገሉ መጻሕፍት ገበያም፣ ያገለገሉ ዲስኮች ገበያም በአሜሪካ ሕግ የቆሙት በዚህ መርህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 የወረደ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈቃድም ቢሆን ዋጋው ተከፍሎ ያለ ጊዜ ገደብ ከተሰጠ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል ሲል ወሰነ። በ2019 ግን ይኸው ፍርድ ቤት ለኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ይህን መብት ነፈገ። ጌም ፕሮግራምም ነው፤ ሥዕል፣ ሙዚቃና ድርሰትም ነው። የትኛው መርህ ይግዛው? ጠበቆች ገና የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው።

ካሊፎርኒያ በ2024 ያወጣችውና ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከቃሉ ተነሣ። ሻጭ የሚሰጠው ሊሻር የሚችል ፈቃድ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቁልፍ በመደብሩ ላይ ማስቀመጥ አይችልም። ሕጉ የሚያስቀረው አንድ ዓይነት ዕቃ አለ፤ ገዢው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው ሊጠቀምበት የሚችለውን። በእኛ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ የሚበልጠው ይህች ልዩ ድንጋጌ ናት፤ እውነተኛው ድንበር በዲስክና በፋይል መካከል ሳይሆን የት እንዳለ ታሳያለችና። ማስጠንቀቂያ መጻፍ ብቻውን ግን የሚፈይደው ጥቂት ነው። ረጅሙን ውል ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን የማይጫን ማን አለ? እኛም ሳናነብ የተጫንን ነን።

የእኛው አገር ሕግስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት የሆነ ሰው ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ ተጨማሪ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። አዋጁ ሲጻፍ የታሰበው በእጅ የሚያዝ ቅጂና የዚያ ቅጂ ባለቤት እንደነበር ግልጽ ነው። ሻጩ «ቅጂ አልሸጥኩም፤ የሸጥኩት ፈቃድ ነው» ባለ ጊዜ ግን የቅጂው ባለቤት ማን ሊባል ነው? የሕግ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህን ጥያቄ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ቢያነሡት ደስ ይለናል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ከተማሪ ሕይወት የተወሰደ ማስረጃም አለ። በጁላይ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እድር» ኪንድል ከተባለው የንባብ መሣሪያ ላይ፣ ገዢዎች ቤት ድረስ በኢንተርኔት ዘልቆ፣ አጠፋ። መጻሕፍቱን በመደብሩ ያቀረበው ነጋዴ የማሳተም መብት ስላልነበረው ነው። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን ለክረምት የቤት ሥራው በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ የቆየ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማስታወሻዎቹ ከንቱ ሆኑበት። የተጻፉባቸው ገጾች ከእጁ ወጥተዋልና። ከመጻሕፍት ሁሉ «1984» መሆኑ ግን ልብ ወለድ ጸሐፊ እንኳ የማይደፍረው አጋጣሚ ነው።

ወደ ጌሞቹ እንመለስ። በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ ገበያ አዲስ ሆነው አይገኙም። እነዚህን ማጥናት የሚሻ ተመራማሪ አሮጌ ዲስክና ካርትሪጅ ፍለጋ ይሄዳል። ቢያንስ የሚፈልገው ነገር በሆነ ሰው ቁም ሣጥን ላይ ይኖራል። በ2014 በፕሌይስቴሽን መደብር ብቻ የወጣው ፒ.ቲ. የተባለ አጭር አስፈሪ ጌም በኤፕሪል 2015 ከመደብሩ ሲነሣ ግን የቀረው ቀድሞ አውርደው በያዙ ሰዎች ማሽን ላይ ብቻ ነው። እነዚያ ማሽኖች አንድ በአንድ ሲበላሹ ጌሙም አብሯቸው ይሄዳል።

መረጃ ዘመን የሚሻገረው ቁሱ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። ብራና ይበላል፤ ይቃጠላል፤ ይዘረፋል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ቃል በግእዝ ብቻ ሊደርሰን የቻለው የአገራችን ጸሐፍት በየገዳሙ ደጋግመው ስለ ገለበጡት ነው። አንዱ ቅጂ ሲጠፋ ሌላው ነበር። አንዱን ቅጂ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ባለቤት እጅ፣ ማንም እንዳይገለብጠው ቆልፎ ማስቀመጥ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዛሬዎቹ ጌሞች አብዛኞቹ የተቀመጡት እንደዚያ ነው።

በእኛ ሰፈሮች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ብዙዎቻችን ከቪዲዮ ጌም ጋር የተዋወቅነው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በየጨዋታው ሒሳብ ከፍለን፣ ተሸናፊ ጆይስቲኩን ለተረኛ እየለቀቀ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ የነበሩት ዲስኮች በርካቶቹ ያለ ፈቃድ የተባዙ ነበሩ። ይህን አናወድስም። ሕጋዊውም ቢሆን ግን ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይገባ ነበር፤ አንዱ ቤት ከሌላው ይዋሰዋል፤ የአዲሱ ዓመት የኳስ ጌም ሲመጣ ያለፈው ዓመት በርካሽ ይሸጣል። ዛሬ ጌሞቹን በአካውንት የገዛ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ሥራውን ሲተው ማሽኑን መሸጥ ይችላል፤ ለጌሞቹ ያወጣውን ገንዘብ ግን አንዱንም አያስመልስም። መግዛቱም ቀላል አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። ማውረዱስ? በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 100 ጊጋባይት ለማውረድ 200,000 ሴኮንድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም መስመሩ ሳይቋረጥና መብራት ሳይጠፋ ከ55 ሰዓት በላይ ነው። ያንን ጌም ከማሽኑ ላይ ሰርዞ በሌላ ጊዜ እንደገና አወርዳለሁ ማለት ፈጣን መስመር ላለው አገር ሰው የታሰበ ምክር ነው።

ኩባንያዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሰርቨር ወጪ አለው የሚል ነው። ትክክል ናቸው። ተጫዋች ላነሰው ጌም እስከ ዕለተ ምጽአት ሰርቨር አብሩ ብሎ ማስገደድ አግባብ አይመስለንም። ዩቱበሩ ሮስ ስኮት በ2024 የጀመረው ዘመቻም ይህን አልጠየቀም። የጠየቀው ሰርቨር ሲዘጋ ጌሙ ሊሠራ በሚችል ሁኔታ ለገዢው ይተውለት ብሎ ነው። ከዚሁ ዘመቻ የመነጨውና ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች አቤቱታ የፊርማ ማሰባሰቢያው በጁላይ 2025 ሲዘጋ ከ1 ሚሊዮን በላይ ድጋፍ አግኝቶ ነበር። ይቻላል ወይ ለሚል ዩቢሶፍት ራሱ መልስ ሰጥቷል፤ ዘ ክሩን ከዘጋ በኋላ ተከታዮቹን ክፍሎች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ እንደሚያደርግ በ2024 ቃል ገባ፤ ለዘ ክሩ 2 ይህንኑ በ2025 ፈጸመ። ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ጌም ከሆነ ሥራው እንደሚከብድ እናውቃለን። ከመጀመሪያው በዕቅድ ውስጥ ለገባ ግን ከጊዜ በኋላ ከመጠገን ይልቅ እጅግ ይቀልላል።

ይህን ዕቅድ የሚያወጣው ደግሞ ፕሮግራመሩ ነው። በዚህ ፋኩልቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ለመመረቂያ የሚሠሩ ጌሞች፣ የስልክ ፕሮግራሞችና የቤተ መጻሕፍት ማውጫዎች በርካታ ናቸው። ሥራዎቹ ለፈታኞች በሚቀርቡበት ዕለት አንድ ተጨማሪ ፈተና ቢጨመር ብለን ለትምህርት ክፍሉ ሐሳብ አቅርበናል፤ ተማሪው ሥራውን አሳይቶ ከጨረሰ በኋላ ፈታኙ የኔትዎርክ ገመዱን ይንቀልና ፕሮግራሙ እንደገና ይነሣ። ያልተነሣ ሁሉ ይውደቅ ማለታችን አይደለም። ለምን እንዳልተነሣና ተጠቃሚው ያን ጊዜ በእጁ ምን እንደሚቀረው ተማሪው ቆሞ ያስረዳ።